ለቀኝ ዓይንሽ የተለካ

ቀጨኔ፣ መጋቢት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንዝ ማዶ ላለሽው እናቴ ይድረስ።

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚይዝሽ ወገብሽ ዘንድሮ ማረሽ? ደብዳቤ ላይ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። እኔም እንደ ሰዉ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ናፍቆቱን በስተቀር ካልኩት ምን ሊተርፈኝ ነው? ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ፤ ናፍቀሽኛል፣ ደህናም አይደለሁም፣ ግን አለሁ።

ደግሞስ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ የእግር መንገድ ላይ ላለች እናት ደብዳቤ ሲጻፍ የት አገር ታይቷል? ወይ ጉድ! ቡቺ ሲጮህ እኮ እኔ ቤት ይሰማል። ቆርቆሮሽ ላይ ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነው ድንጋይ ስንት እንደሆነ ብትጠይቂኝ ቆጥሬ እነግርሻለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ኋላ እመጣበታለሁ።

ልጽፍልሽ የደፈርኩት ማንበብ ቻለች ሲሉኝ ነው። የሺ ነገረችኝ። ያቺ የአጥር ጎረቤትሽ መቼም በሁለታችን ደጅ ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። መሠረተ ትምህርቱን ጨርሰሽ በቀበሌው አዳራሽ ሰርተፊኬት ስትቀበዪ እልል ተባለልሽ አሉ። እሰይ! እዚያው ሆኜ እልል ባልልሽም እዚህ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ፤ ልጄ ደንግጣ አለቀሰች። መጀመሪያ ላይ ፊደሉ ደብዝዞብሽ ልትተዪው ነበር፣ ደግነቱ የሺ ያን የማንበቢያ መነጽር አመጣችልሽ። ከእርዳታ የመጣ ነው አለችሽ አይደል? ይሁን።

ድሮ ቢሆን ደብዳቤሽን ሰው ነበር የሚያነብልሽ፤ እኔም የልቤን ትቼ የሰው ጆሮ የሚችለውን ብቻ እጽፍ ነበር። አሁን አንቺና እኔ ብቻ ነን። ፊደሉን በትልልቁ አድርጌልሻለሁ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የሚያናድድሽ ቦታ ስትደርሺ አትቅደጂው። አጥፈሽ ራስጌሽ አኑሪውና ሲበርድልሽ ቀጥዪ። የሺ አብራ የሰጠችሽን ትንሽዬ ጥቅልም ገና አትፍቺ። እሱም ተራው ይደርሳል።

ስለ ባሌ ልጀምር። ስሙ ሲጠራ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትዪው አሉ። እኔ ግን ባሌ ነውና መሸሻ እለዋለሁ። መሸሻ አሁንም ከመድኃኔዓለም በታች ባለችው ኪዮስክ ሰዓትና መነጽር ያድሳል። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሰው አያማም። አንድ ሱስ ግን አለበት፤ የጦር ሜዳ መነጽር ይሰበስባል። ያውም በአንገት የሚንጠለጠለውን ትልቁን አይደለም። መዳፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋውን፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ ኪስ የሚገባውን ትንሹን ብቻ። መጀመሪያ ሳውቀው እኔም ሰውዬው ጤና የለውም እንዴ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ወርዶ ከአሮጌ ብሎንና ከተሰበረ ራዲዮ ክምር ውስጥ ሲፈልግ ይውላል። ያን ሰሞን ፈረንጆቹ ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አገራቸው ሲገቡማ ሠርግና ምላሹ ነበር። ሰዉ ሁሉ ፍሪጅና ሶፋ ሲሻማ እሱ መሳቢያ ይከፍታል። የሚገዛበትም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አያይበትም። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ውስጡ ከተንቋቋ መስታወቱ ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ ከላላ አይወድም፣ ከጠበቀም አይወድም። ቀጥሎ የፊቱን መስታወት ወደ ሰማይ አዙሮ ነጸብራቁን ያያል፤ ወይን ጠጅ መልክ ካለው ፊቱ ይፈካል፣ ነጭ ከሆነ ኩርፍ ይላል። ወደ ዓይኑ የሚያስጠጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱንም የሩቅ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ፈልጎ። መስቀሉ ሁለት ሆኖ ከታየው ባለ ዕቃውን አመስግኖ ይሄዳል። ርካሽ መነጽር ያገዝፋል፣ ደህና መነጽር ግን ያጠራል ይላል።

አንድ ቀን ወታደር አይደለህ፣ አዳኝ አይደለህ፣ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራልሃል ብዬ ጮኽኩበት። አባቴ የሠራው ብረት ሁሉ ወይ ይቆርጣል ወይ ይወጋል፤ ይሄኛው ግን ብረት ሆኖ ሥራው ማቅረብ ብቻ ነው አለኝ።

አባቱን ታውቂያቸዋለሽ። ቀጨኔ ማን የማያውቃቸው አለ? የሠሩትን ሁሉ ከማይታይ ቦታ ሦስት ነጥብ ይወጉበት ነበር። መሸሻም ያንኑ ወርሷል፤ ሰዓትም ይሁን መነጽር፣ እጁ የነካውን ዕቃ ማጠፊያው ውስጥ በመርፌ ሦስት ነጥብ ሳይወጋ ለባለቤቱ አይመልስም። ያንቺ የሽንኩርት ቢላም ላይ እኮ አለ፣ እጀታው ሥር። ልጅ ሆኜ በጣቴ ስዳብሰው ትዝ ይለኛል። ቢላቸውን ወደን ልጃቸውን ጠላን። አብዮቱ መጥቶ «ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ብሎ መሳደብ ቀረ» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፣ አፋችንም ተወ። ዓይናችን ግን የት ተወ?

እንግዲህ ወደሚያመው ልግባ።

መሸሻ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ጊዜም መለስሻቸው። አባዬ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ አንቺ ግን ለሽማግሌዎቹ በግልጽ ነገርሻቸው፣ ዓይኑ አያምርም፣ ዘሩ ሰው ይበላል አልሽ። በ69 መስከረም እኔ ልብሴን በፌስታል ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። በኅዳር አባዬ ታመመ። በጥር ሞተ። በመካከሉ አንድ ቀን ጠዋት፣ አባዬ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከእኛ ግቢ የመስታወት ብልጭታ አየሽ። አንድ ቀንም አይደለም፣ ብዙ ቀን አየሽ። ያ ቡዳ በመነጽር ባሌን እየበላው ነው ብለሽ ጮኽሽ፣ ጎረቤት ሰማ፣ ሰፈሩ ሰማ። በአባዬ አርባም፣ በነፍስ አባታችን ፊት፣ የዚያን ሰው ደጅ እግሬ አይረግጥም፣ እህል ውሃውንም አፌ አይቀምስም ብለሽ ማልሽ።

እማዬ፣ ያን መነጽር የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ቁጭ በዪ። ቁጭ ብለሽ ከሆነ ደግሞ ውሃ ጠጪ።

እኔ ነበርኩ። መሸሻ በዚያ ሰዓት ኪዮስኩ ነው፤ የሰው ሰዓት ከፍቶ አቀርቅሮ ነው የሚውለው። አባዬ ታመመ ሲሉኝ ደጅሽ ድረስ መጥቼ መለስሽኝ፤ ትዝ ይልሻል፣ በሩን እንኳ ሳትከፍቺ። ተመልሼ ሳለቅስ መሸሻ ከስብስቡ አንዷን መነጽር አወጣና በእጄ አስያዘኝ። ቢያንስ እዪው አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የግቢያችን ጥግ ቆሜ አባዬን አየው ነበር። አረንጓዴ ሹራቡን። ያንቺን ነጠላ ጉልበቱ ላይ ስትደርቢለት። አጥሚቱን በማንኪያ ስትሰጪው ፊቱን እንደ ልጅ ሲያዞርብሽ፣ ስትቆጪው፣ ከዚያ ሲውጥ። አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ወደ እኔ አየና እጁን አነሳ። ሰላም ይበለኝ፣ ዝንብ ያባር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ግን እጄን አነሳሁለት።

አንድ ቀን ጠዋት ወንበሩ ወጣ፣ አባዬ ግን አልወጣም። ወንበሩን ያወጣሽው ከልማድ እንደሆነ ገባኝ። ባዶውን ቆመሽ ስታዪው አየሁሽ። ያንቺን ለቅሶ ሳልሰማ በዓይኔ ብቻ አየሁ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሐኪሙ ሳንባው ነው ብሎ ነበር፣ አንቺም ሰምተሻል። አባዬን የበላው ዓይን ነው ካልሽ ግን ዓይኑ የእኔ ነው። የእኔን ዓይን ደግሞ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።

ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም ትዪኝ ይሆናል። ስምሽንና ስሙን እየጠሩ ሰፈሩ ሲያወራ ልነግርሽ ነጠላዬን አንስቼ ወጥቼ ነበር። መሸሻ በር ላይ ያዘኝ። እኔን ብትጠላ ባዳ ነኝ፣ እችለዋለሁ፤ አንቺን ከጠላች ግን እናት የለሽም፣ ተዪው እኔ ልሸከመው አለ። እኔም አፈር ስሆን ተውኩለት! አራት ዓመት ሙሉ በሰው ጀርባ ተሸሽጌ ኖርኩ። እሱ በመንገድ ሲያልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሲሸፍኑ፣ እኔ አብሬው እየሄድኩ ዝም አልኩ። ጀግና ልጅ ነበር የወለድሽው መስሎሽ ከሆነ፣ ይቅር በዪኝ።

አባዬ በሞተ በሁለተኛው ወር አሰሳ መጣ። ቤት ለቤት ሲፈትሹ የመሸሻን ሳጥን ከፈቱና ዘጠኝ ትናንሽ መነጽር አገኙ። ሁሉንም አንድ በአንድ የጦር ሜዳ መነጽር እያሉ መዘገቡ። ለማን ነው የምትሰልለው ብለው አምስት ቀን ያዙት። ስድስተኛው ቀን ባዶ ሳጥኑን ታቅፎ መጣ። የዘጠኝ ዓመት ልቅምቃሚ ነበር። ሳጥኑን አልጋ ሥር አስገባና ለባለ ሰዓቶቹ ነገ ኑ ብያቸው ነበር ብሎ ወደ ኪዮስኩ ወረደ። እኔ ግን አሥረኛዋን ደብቄያታለሁ። ፈታሾቹ በር ሲያንኳኩ ካልሲ ውስጥ ከትቼ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበርኳት። ማታ ሳወጣለት ደስ ብሎት ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋት፣ እማዬ፣ ያስነጠሰው ማስነጠስ! ሦስት ቀን ፈታቶ በላባ ሲጠርጋት ከረመ። አሁን ጠርታለች፤ ሽታው ግን ጨርሶ አልለቃትም።

ያቺ አሥረኛዋ ከሁሉም ትበልጥበታለች። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነበሩ፣ አስተማሪ፣ ወደ እንጦጦ ወጥተው ወፍ ሲያዩ የሚውሉ። መሸሻ የግድግዳ ሰዓታቸውን ሊሠራ ሄዶ መነጽሯን ጠረጴዛ ላይ አያት። ሁለት ዓመት ተመኛት። ሰዓቱ ሳይበላሽ ሁሉ እየሄደ ዘይት ይቀባው ነበር፣ እሷን ለማየት ብሎ! ሴትዮዋ አገራቸው ሊገቡ ዕቃ ሲሸጡ የሠርግ ልብስ ሊያሰፋበት ያኖረውን ሁሉ ይዞ ሄደ። ሸጡለት። ሲሰጡትም ወፎቹን ጠይቅልኝ አሉት። በሠርጋችን ዕለት የወንድሙን ኮት ለብሶ፣ እጅጌው አጥሮት የቆመው ለዚህ ነው። ሠርጋችን ላይ ስላልነበርሽ ልንገርሽ ብዬ ነው።

እንግዲህ ስለ ልጃችን። ታየች ትባላለች። ሁለት ዓመቷ ነው። የሺ ነግራሻለች፣ አውቃለሁ፤ አንቺም አልሰማም ብለሽ ጆሮሽን ደፍነሽ ጨርሰሽ እንደምትሰሚ አውቃለሁ። ግንባሯ ያንቺ ነው። ስትቆጣ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች፤ ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኳትም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ባየች ቁጥር ጣቷን ቀስራ አያቴ ናት ወይ ትለኛለች። አይደሉም ስላት ለሚቀጥሉት ትዘጋጃለች። ባለፈው አንዲት እናት አዎ ልጄ ነኝ ብለው ሳሟት፤ እኔ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደመጣ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። አንቺንም አይሻለሁ። የቆርቆሮሽን ድንጋይ ቁጥር ያወቅሁት ለዚህ ነው። ከእኔ ጋር እንዳትገናኚ ብለሽ ደብር ቀየርሽ፤ እሑድ እሑድ ከሩፋኤል ስትመለሺ ግን ቤት ከመግባትሽ በፊት አጥርሽ ጥግ ትቆሚያለሽ። እጅሽን ግንባርሽ ላይ ጋርደሽ ወደዚህ ታያለሽ። የማንበቢያ መነጽርሽን ከጉያሽ አውጥተሽ ታደርጊያለሽ። ታወልቂውና በነጠላሽ ጫፍ ትወለውዪዋለሽ፣ መልሰሽ ታደርጊያለሽ። ከዚያ ራስሽን ነቅነቅ አድርገሽ ትገቢያለሽ። እማዬ፣ ያ መነጽር ለፊደል ነው እንጂ ለሩቅ አልተሠራም። አንቺ እኮ የምታዪው ጭጋግ ነው። እኔ እዚህ ቆሜ የነጠላሽን ጥለት ቀለም እያየሁ፣ አንቺ ከጭጋግ ጋር ትታገያለሽ። እዚህ ነኝ ብዬ ልጮህ አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ።

አሁን ደግሞ የሺ የቀኝ ዓይንሽ ሞራ እየሸፈነው ነው አለችኝ። ሐኪሙም እስኪበስል ይጠበቅ፣ ግራውም ይከተል ይሆናል አለ አሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ቂሙን እንችለዋለን፣ ለምደነዋል። ግን ታየችን አንድ ቀን እንኳ ሳታዪ ዓይንሽ ቢዘጋስ? ኋላ ብንታረቅ ምን ይጠቅማል? በእጅሽ ፊቷን እየዳበስሽ ግንባሯ የእኔ ነው ልትዪ ነው? እኔ ይህን አልችልም። አፍሬም ፈርቼም የኖርኩትን ሴትዮ ደብዳቤ ያስጻፋት ይሄ ነው።

መሐላሽን አፍርሺ ልልሽ አይደለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል፤ አውቅሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ስትሰቅዪ ከጣሪያ በላይ ነው። የነፍስ አባታችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መነጽሩን የያዝኩት እኔ መሆኔንም። ሳቁ። እናትሽ በእግሯና በአፏ ማለች፣ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ስለ ዓይኗ ያለችው ነገር የለም አሉ። እኔም ሳስበው እውነት ነው። ደጁን አልረግጥም ብለሽ ማልሽ እንጂ አላይም ብለሽ አልማልሽም።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው።

አትደንግጪ። አትጣያትም፣ በሞቴ! ያቺው አሥረኛዋ ናት። ሲሸትሽ ብታስነጥሺም ቡዳ በላኝ እንዳትዪ፣ በርበሬ ነው። እኔ ከአዳዲሶቹ አንዱን እንላክላት ብዬ ነበር፤ ከአሰሳው ወዲህ እንደገና ሦስት ለቃቅሟልና፣ አሁንማ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ አለው። እሱ ግን የለም አለ። ለደከመ ዓይን ብርሃን የሚያስገባ ነው የሚያስፈልገው፣ እነዚህ ያገዝፋሉ እንጂ አያጠሩም አለ። አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ በሻሽ ጠቀለላት፣ ፈታት፣ አንዴ ወደ ጉልላቱ አየባት፣ መልሶ ጠቀለላት። ከዚያ ወጣ። የቀረውን እኔ ቋጠርኩት።

ስትከፍቻት ሁለቱን ጎን ቀስ ብለሽ ዘርጊያቸው። ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ ሁለት ክብ ከታየሽ፣ አንድ ክብ እስኪሆን ጠበብ አድርጊያት። መካከል ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በጣትሽ አዙሪ፤ ደብዝዞ የነበረው እየጠራ ይመጣል፣ ሲያልፍብሽ መልሺው። በቀኝ በኩል ያለችው ቀለበት ላይ ቀይ ኩቴክስ ጠብ አድርጎባታል። እሷን እንዳትነኪ። ለቀኝ ዓይንሽ ተለክታ ነው የተቀመጠች። ከየት አወቀ አትበዪኝ፤ ሰውዬው የዓይን ነገር ያውቃል።

የሚመጣው ሳምንት እሑድ መጋቢት ሃያ ሰባት ነው፣ መድኃኔዓለም። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እንደ ወትሮሽ አጥርሽ ጥግ ቁሚ። እኔ ታየችን ቀይ ሹራብ አልብሼ ግቢያችን ጥግ እወጣለሁ፣ ከባሕር ዛፉ በስተግራ። ያን ቀን መነጽር አልይዝም። እጄን ባዶ አድርጌ እቆማለሁ፣ እስክትጠግቢ እዪን። እኔ ሳላይሽ አንቺ ብቻ የምታዪበት አንድ ቀን ይሁንልሽ። መሸሻ ቤት ውስጥ እሆናለሁ ብሏል፣ አይቀፋት ብሎ። እኔ ግን ውጣ እለዋለሁ። ከወጣ ከኋላችን የሚቆመው ረጅሙ ሰው እሱ ነው። ከፈለግሽ እሱን ዝለዪው፤ መነጽሯ ወደ ፈለግሽበት ትዞራለች።

ካየሽን አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ነጠላሽን አውልቀሽ አጥሩ ላይ ጣል አድርጊው። ነጭ ነገር ያለ መነጽርም ይታየኛል። ካልጣልሽውም አልቀየምሽም፤ በሚቀጥለው እሑድ እንወጣለን፣ በሚቀጥለውም። ልጅቷ ሹራቧ እስኪጠብባት ድረስ እንወጣለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትዪኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

በይ እንግዲህ። ብዙ ጻፍኩብሽ፣ ጀማሪ አንባቢ መሆንሽን ረስቼ። ቡቺን እሰሪው፣ ሰው ሊነክስ ነው አሉ። ወገብሽን በጨርቅ ጠቅልዪ። መድኃኔዓለም ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እድሜሽን ያርዝምልሽ። አንቺም ድምፅሽን ባትሰጪኝ ምርቃትሽን አትንፈጊኝ፤ በር ዘግተሽ ብትመርቂኝም ይደርሰኛል።

የማዶዋ ልጅሽ

ማስታወሻ፦ ይቺን መነጽር ገልብጠሽ በትልቁ በኩል ካየሽባትና ዕቃውን ከትንሹ መስታወት ሥር እስኪነካ ካስጠጋሽው፣ ሩቁን ማቅረቧን ትታ ቅርቡን ታገዝፋለች። መሸሻ የሰዓት ብሎን የሚያየው እንዲህ አድርጎ ነው። መሞከሪያ ካጣሽ፣ ያን የማንበቢያ መነጽርሽን አውልቂና የቀኙን እግር ማጠፊያ ከውስጥ በኩል እዪባትና ነጥቦቹን ቁጠሪ።